አሸዋ የገባን ሰሞን

ባሕር አይቼ አላውቅም። የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ወደብ፣ ማዕበል፣ ባሕረ ሰላጤ እያልኩ በጠመኔ ስስል ኖሬ እግሬን የጨው ውኃ ሳይነካው ጡረታ ወጣሁ። በዚያ ዘመን እናስተምርበት በነበረው መጽሐፍ አንድ ገጽ ላይ፣ ትልቅ ኤሊ ሰው ከማይደርስበት የባሕር ዳርቻ ወጥታ አሸዋ ቆፍራ እንቁላሏን ስትጥል የሚያሳይ ደብዛዛ ሥዕል ነበረ። ተማሪዎቹ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ አንዱ እጁን ያወጣና እውነት እንደዚህ ታደርጋለች ወይ ብሎ ይጠይቃል። አዎ፣ በዓይኔ አይቻለሁ እላለሁ። የት ሲሉኝ ዓባይ በረሃ ስላቸው ይስቃሉ። ይሳቁ፤ እውነቴን ነው። ከቡሬ በታች፣ አማቴን አሸዋ ያስገባሁ ጊዜ ነው ያየሁት።

አማቴ የቡሬ ገጠር ሰው ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ መሬታቸውን እያሳረሱ፣ ከብታቸውን እያስጠበቁ ብቻቸውን የኖሩ ብርቱ ሴት ናቸው። ቁርጥማት ጉልበታቸውን ሲይዘው ልጃቸው፣ ማለት ባለቤቴ፣ ለሐኪም ብሎ እኛ ቤት አመጣቸው። ለሁለት ሳምንት የተባለው ነገር ዓመት አለፈው። ባለቤቴ ራሱ መንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ ስለነበረ የሚኖረው ካምፕ ነው፤ ወር ሲሞላ ብቅ ይልና እናቱን ስሞ፣ እኔን አይዞሽ ብሎ፣ ልብሱን አሳጥቦ ይሄዳል። አይዞሽ ማለትስ ማንን ያቅተዋል።

ጠዋት ብብታቸው ሥር ገብቼ አነሳቸዋለሁ፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ቁርሳቸውን አስቀምጬ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ። ምሳ ሰዓት ተመልሼ ደግሜ አነሳቸዋለሁ። ማታ ደግሞ ግምገማ አለ፤ በዚያ ዘመን ግምገማ እንደ ለቅሶ ነበር፣ ቢደክሙም አይቀርበትም። አንድ ማታ፣ ያን ሁሉ ሳነሳና ሳስቀምጥ የዋልኩትን ሴትዮ ተነሳሽነት ይጎድላታል ብለው ገመገሙኝ። ሂሱን ተቀብያለሁ ብዬ ቁጭ አልኩ። መከራከር ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ደግሞ አልነበረኝም።

እንዲድኑልኝ አጥብቄ እፈልግ ነበር። ከፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ድነው ቤታቸው እንዲገቡልኝ ነው። እሳቸውም ከኔ መገላገልን ከኔ ባላነሰ ይመኙ ነበር። ለፋሲካ ቤቴን ከፍቼ እገባለሁ ይላሉ፣ ፋሲካ ያልፋል፤ ለደብረ ታቦር ይላሉ፣ እሱም ያልፋል። የቤታቸውን ቁልፍ በማተባቸው አስረው አንገታቸው ላይ ነበር የሚውል። ሳጥባቸው እንኳ አያወልቁትም። ሁለታችንም ያን ቁልፍ እያየን አንድ ነገር እንመኝ ነበር፤ ተነጋግረንበት ግን አናውቅም።

ሆዴ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነበረ። እሳቸው ወደኛ ከመምጣታቸው ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ልጅ ወልጃለሁ። ወንድ ነበር፤ ሞቶ ተወለደ። ብዙ ደም ፈሶኝ እኔም ለጥቂት ነው የተረፍኩት። በአገራችን ሴት ወልዳ በሕይወት ከተነሳች፣ ልጁ ኖረም አልኖረም፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ትባላለች። እኔን ማንም እንደዚያ አላለኝም። ጎረቤቶቼ እልል ይበሉ ወይ ያልቅሱ ግራ ገብቷቸው በር ላይ ቆመው ይመለሳሉ። ገንፎ አልተገነፋም። አማቴ ከቡሬ መጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ልጄ ዘር አጣ፣ ልጄ ዘር አጣ እያሉ ሲያለቅሱ ዋሉ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቼ እሰማለሁ። ይገባሉ፣ ይሉኛል እያልኩ ጠበቅሁ። በነጋታው ወደ አገራቸው ሄዱ። ማርያም እኔን መማሯን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። እናቴ ደሴ ተቀብራለች፤ በሕይወት ብትኖር እሷ ትለኝ ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። እንግዲህ ይህን በሆዴ ይዤ ነው እግራቸውን የማጥበው።

ስለ አሸዋው የነገረችን ወተት የምታመጣልን ሴት ናት። ዓባይ በረሃ፣ ጠበል ካለበት ሥር፣ ውኃው ሲጎድል የሚገለጥ አሸዋ አለ፤ ቁርጥማት የያዘው ሰው በቀትር እስከ ወገቡ ይቀበርበታል፤ ሙቀቱ ብርዱን ከአጥንት አውጥቶ ይጥለዋል አለች። ክኒኑን ጨርሰናል፣ ጠበሉንም ሞክረናል፤ የቀረን ይኸው ነበር። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ከዐቢይ ጾም ጋር ሲገጥምልኝ፣ ተማሪና መምህር ወደየቤቱ ሲበተን፣ እኔ አማቴን ይዤ ቡሬ ወረድኩ። ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ በጭነት መኪና ወረድን፤ መኪናው ካደረሰን በኋላ አብረውን የወረዱ የመንደራቸው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አደረሱንና ተመልሰው ሊወስዱን ቀጠሮ ይዘው ወጡ።

ቦታው ሌላ ዓለም ነው። ከላይ ቡሬ ላይ ጋቢ ለብሰን ተነሥተን ታች ስንደርስ አየሩ ራሱ የጋለ ነው። ዓባይ በክረምት የሚያስፈራውን ያህል በበጋ ይገርማል፤ ከስቶ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተሽሎከለከለ፣ ዳርና ዳሩን ነጭ አሸዋ ትቶ ይሄዳል። ሰው የለበትም ማለት ይቻላል፤ ከጠበሉ አጠገብ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ አንዲት እማሆይና ከታች በኩል አሸዋ የገቡ ጥቂት ሕመምተኞች ብቻ ነበሩ። አዞ አለ ወይ ብዬ እማሆይን ጠየቅኋቸው። አለ፣ ግን ማዶ ነው የሚተኛው አሉኝ፣ ስለ አንድ ጨዋ ጎረቤት እንደሚያወሩ ሁሉ።

አማቴ ከሰው ጋር አልገባም አሉ። ጭናቸው ተገልጦ ሲቀበሩ ሰው ማየቱን ጠሉት። ስለዚህ አንድ ቋጥኝ ዞሬ፣ ማንም የማያየን ጥግ፣ ለስለስ ያለ አሸዋ አገኘሁ። እማሆይ መጥተው አዩና እዚያ የኤሊዋ ሰፈር መሆኑን ነገሩኝ። በየዓመቱ ውኃው ሲጎድል እዚያ እየወጣች ትወልዳለች፤ የሚጋፋት የለም። ከገባችሁም ግቡ፣ ብቻ ፀሐይ አሸዋውን ሳትለቅ ውጡላት፤ ለናንተም ቢሆን ፀሐይ ከዞረች በኋላ ከወንዙ የሚነሣው ነፋስ ላብ ላይ ከመታ የሞቀውን አጥንት መልሶ ይሰብረዋል አሉ። እሽ አልን።

ሥራው እንዲህ ነው። ረፋዱ ላይ እቆፍራለሁ፤ ቀትር ላይ አሸዋው ሲግል አማቴን እየጎተትኩ አስገባቸዋለሁ፤ እስከ ወገባቸው እሞላለሁ፤ ራሳቸው ላይ ነጠላ በእንጨት ወጥሬ ጥላ እሠራለሁ። ላባቸው ሲንቆረቆር ጠበል አጠጣለሁ። አንድም ቀን ተመስገን አላሉም። አንድ ጊዜ አልሞቀም፣ አንድ ጊዜ ፈጀኝ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንደ ድንች ነው እንዴ የምትቀብሪኝ። ፀሐይ ሲበርድ አወጣቸውና በጋቢ ጠቅልዬ፣ ነፋስ እንዳይነካቸው ጎጆ አስገባለሁ። ሁልጊዜ ማታ ማታ ደግፌ አቆማቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ወዲያው ነበር የሚወድቁት። ከዚያ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ፣ እውነቴን ነው፣ ትከሻዬን ለቀው ቆሙ። ያን ማታ ቁልፋቸውን በጣታቸው ሲያሻሹ አየኋቸው፤ እኔም ጋደም ብዬ አልጋዬን፣ ባዶ ቤቴን፣ አንድ ቀን እስከ ረፋድ መተኛትን አሰብኩ።

በማግሥቱ እንደ ወትሮው ቀብሬአቸው ከቋጥኙ ወዲህ ባለ ሾላ ሥር ጥቂት አረፍ ልበል አልኩ። የዓመት ድካም ጥቂት አያውቅም። ስነቃ አሸዋው ላይ ፀሐይ የለም፤ ገደሉ ጥላውን ጥሎበታል፣ ነፋሱም ተነሥቷል። ብድግ ብዬ ሮጥኩ። ቋጥኙን ስዞር አማቴ አንድ እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙኝ።

«ቁሚ» አሉ በሹክሹክታ። «እንዳትመጭ።»

እባብ መስሎኝ ደርቄ ቀረሁ። ቀስ ብዬ ሳይ፣ ከተቀበረው እግራቸው አጠገብ፣ እጅ ዘርግተው ሊነኩት በሚችሉት ቦታ ላይ፣ የሰፌድ ያህል የምትሰፋ ኤሊ ጀርባዋን ለኔ ሰጥታ ትቆፍራለች። በኋላ እግሯ አንዴ ትዝቃለች፣ ታርፋለች፤ አንዴ ትዝቃለች፣ ታርፋለች። እንደሷ የደከመው ፍጥረት አይቼ አላውቅም። አማቴን በእጄ ጠራኋቸው፤ ነፋሱን አሳየኋቸው፤ ላውጣዎ ብዬ በምልክት ለመንኳቸው። ያ ሁሉ ቀን የተለፋበት እግር ብርድ ሊመታው ነው። ያ ቁልፍ፣ ያ ፋሲካ፣ የኔም ዕረፍት፣ ሁሉም እዚያ አሸዋ ውስጥ ነው ያለው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምጥ ላይ ናት» አሉ። «ምጥ ላይ ያለችን ሴት አያስደነግጧትም።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በእሳት ተፈጀሁ፣ በብርድ ተመታሁ እያሉ ዓመት ሙሉ ያሰለቹኝ ሴትዮ፣ ያ ነፋስ ላባቸውን እያደረቀው ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ ቅንድባቸውን ሳያነቃንቁ ጠበቁ። ባወጣቸው ኤሊዋ ትሸሻለች፤ ባላወጣቸው እሳቸው ያልቃሉ። ቋጥኙን ተደግፌ ቆሜ አየሁ። እንቁላሎቹ ነጫጭና ድቡልቡል ናቸው፤ አንድ በአንድ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳሉ። ስትጨርስ አሸዋውን መለሰች፣ በሆዷ ደመደመችው፣ ዞር ብላ ሳታይ ወደ ውኃው መንገድ ጀመረች። ባጠገባቸው ስታልፍ አማቴ እጃቸውን ዘርግተው፣

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት።

እንዲህ ለስለስ ያለ ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር። ኤሊዋ ውኃው ገብታ ጠፋች። እኔ ሄጄ አሸዋውን በእጄ መጥረግ ጀመርኩ። ደሜ ፈልቷል። በንዴት ስዝቅ እግራቸውን ሳልቧጥጥ አልቀረሁም። አማቴ ፊት ቃል የማይመልስ ሰው ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ግን አፌን ማንም የያዘው የለም።

«ለኤሊ አሉ» አልኳቸው። «ለኔ አላሉኝም።»

ምን እንደምል አልገባቸውም። ልጄ የሞተ ጊዜ አልኳቸው። መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ አልኳቸው። ሲያለቅሱ እሰማ ነበር፤ እርስዎ ለልጅዎ አለቀሱ፣ እኔ ግን ሞቼ ነው የተነሣሁት፤ አንድ ሰው እንኳን ገብቶ ተርፈሻል አላለኝም አልኩ። እንባዬ አሸዋው ላይ እየተንጠባጠበ እግራቸውን አወጣሁ። በጀርባዬ አዝዬ ወደ ጎጆው ስወስዳቸው ሰውነታቸው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ከጀርባዬ ሆነው፣ ከጆሮዬ ሥር፣ እንዲህ አሉኝ፤

«እኔ ልጅ የሞተበት ቤት መጣሁ አልኩ እንጂ፣ አራስ ያለችበት ቤት መጣሁ አላልኩም።»

ጎጆው ስንደርስ በጋቢ ጠቀለልኳቸው። አስተኝቻቸው እኔም ከጎናቸው ወደቅሁ።

በማግሥቱ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው የነቃሁት። ማንም አልቀሰቀሰኝም። ውጭ ሦስት ጉልቻ ላይ ድስት ተጥዷል፤ አማቴ በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ወጥተው፣ ያበጠ እግራቸውን ወዲያና ወዲህ ዘርግተው፣ በሁለት እጃቸው ማማሰያ ጨብጠው ያገነፋሉ። ዱቄቱን ከእማሆይ ለምነው ነው። እማሆይ ድስቱን ይዘውላቸዋል፤ ገንፎ የሚይዝለት ካላገኘ ይገለበጣል። አማቴ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ሲያማስሉ አይቼ ልቀበላቸው ብነሣ፣ ተቀመጭ አሉኝ። ገንፎውን የእንጨት ቆሬ ላይ ገልብጠው፣ መሀሉን ጎድጎድ አድርገው፣ ጾም ነውና በቅቤ ፈንታ በርበሬና የኑግ ዘይት አፈሰሱበት። ወደ ፊቴ ገፉት።

ገና ጠዋት እንደሆነ ነገርኳቸው። ዐቢይ ጾም ነው፤ ቅዳሴ እስከሚወጣበት ሰዓት ድረስ እህል አልቀምስም፣ እሳቸውም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

«አራስ አትጾምም» አሉ።

እማሆይን አየሁ። አንድ ነገር ይናገራሉ ብዬ ነው። እማሆይ ግን ድንገት ወንዙ ማዶ የሚታይ ነገር ያገኙ ይመስል ፊታቸውን አዞሩ።

«ብይ እንጂ» አሉ አማቴ። «ይበርዳል።»

በላሁ። ዱቄቱ አልፎ አልፎ ጓጉሎ ነበር፤ ጨውም አንሶታል። እያለቀስኩ ነበርና ጨውስ ከዚያው ተሟላ። እሳቸው ጾመኛ ስለሆኑ አልቀመሱም፤ ቁጭ ብለው አፌን ያያሉ። እኔ ለመብላት ተሸማቅቄ ግማሹን ትቼ እጄን ልሰበስብ ስል፣ ሌላ ሰው የማይነካው የአራስ ድርሻ መሆኑን ነግረው አስጨረሱኝ። ሲያልቅ ቆሬውን ተቀብለው በአሸዋ ጠረጉት።

እግራቸው አልዳነም። ከዚያ ማታ በኋላ ትከሻዬን ለቀው የቆሙበት ቀን የለም፤ ብንቀብራቸውም፣ ጠበል ብናፈስበትም እንደዚያው ቀረ። ለፋሲካ ቤታቸውን አልከፈቱም። እስኪሞቱ ድረስ እኔ ቤት ነው የኖሩት፤ ሁልጊዜ ጠዋት ብብታቸው ሥር ገብቼ አንስቻቸዋለሁ፣ ሁልጊዜም ደክሞኛል፣ ሁልጊዜም አጉረምርሜአለሁ። ቁልፉንም ከአንገታቸው የፈታሁት እኔ ነኝ። ያን ማታ ከአሸዋው ባለመውጣትዎ ጸጸት አለብዎት ወይ ብዬ በሕይወት ሳሉ አንድ ጊዜ ጠይቄአቸዋለሁ። ወልዳ የሄደችው የት ደርሳ ይሆን ብለው ስለ ኤሊዋ መለሱልኝ።

ከአሸዋው የወጣንበትን ቀን ግን ልንገራችሁና ላብቃ። ሰዎቹ በቀጠሮው መጥተው አማቴን ቃሬዛው ላይ አስተኙ፤ ዳገቱን ተያያዝነው። እኔ ጓዝ ተሸክሜ ከኋላ እከተላለሁ፤ ፀጉሬ አሸዋ፣ ፊቴ አቧራ፣ ነጠላዬ ላብ። ወንዙ ማዶ የገበያ ቀን ነበረና ከላይ በርበሬ የተሸከሙ፣ ፍየል የሚነዱ ሰዎች ይመጣሉ። የአገሩ ደንብ ነው፤ ቃሬዛ ያየ ሰው ሸክሙን አውርዶ እግዜር ይማርዎ ሳይልና ተራ ሳይሸከም አያልፍም። ወንዶቹ ትከሻ ሲቀያየሩ አንዲት በርበሬ የተሸከመች ሴት ቀረብ ብላ አማቴን ምን እንዳገኛቸው ጠየቀች።

«እኔ ደኅና ነኝ፤ እግር ብቻ ነው» አሏት። ከቃሬዛው ላይ ቀና ብለው በአገጫቸው ወደኔ አመለከቱ። «አራሷ እሷ ናት። መንገድ ልቀቁላት፣ ደክሟታል።»

ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችኝ። ሽበቴን አየች። ጀርባዬን አየች፤ ልጅ የለም። ቃሬዛውን አየች፤ እዚያም የለም። ምን እንዳሰበች እንጃ፤ ብቻ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። በርበሬዋን ድንጋይ ላይ አሳርፋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሰው ቤት ሲገባ እንደሚደረገው እጅ ነሣችኝ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እቴ» አለችኝ።

«ማርያም ታኑርሽ» አልኳት።

አንድ ጊዜ ብትደግምልኝ ደስ ባለኝ ነበር። ግን ገበያው ረፍዶባት ነበርና በርበሬዋን አንስታ ቁልቁል ሄደች።